ቫርኒሽ የጠጣ ዳቦ

ዛፋር ሲደውልልኝ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። የሰው ጣሪያ ነው። የራሴ ጣሪያ ኖሮኝ አያውቅም።

ዛፋር የሟቹ ወንድሜ የኤርጋሽ ልጅ ነው። ቤት እያሳመረ ፎቶ ያነሳል። ሰው ቤቱን ሊሸጥ ወይም ለእንግዳ ሊያከራይ ሲያስብ እሱን ይጠራዋል። ይመጣና ግማሹን ዕቃ ያስወጣል፣ ቤቱ የማያውቀውን ዕቃ ከመኪናው አውርዶ ያስገባል፣ ትራሱን መሃሉ ላይ በእጁ ጠርዝ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ ያነሳዋል። ፎቶው ላይ ቤቱ ማንም ኖሮበት የማያውቅ ይመስላል። ሰው የሚወደውም ይህንኑ ነው።

የአያቱን ቤት ስማርት ሊያደርገው እንደሆነ ነገረኝ። መብራቱ በስልክ የሚበራ፣ በሩ በቁጥር የሚከፈት፣ ማሞቂያው በራሱ የሚነሳ ይሆናል። አስጎብኚ መጽሐፍ ይዘው ሳማርካንድን የሚዞሩ እንግዶች ያድሩበታል። እናቱን ደግሞ አዲሱ ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አፓርታማ ያስገባታል። ሽቦውን የሚዘረጋ ሰው ቸግሮታል። «ከባዕድ እርስዎ ይሻሉኛል፣ አጎቴ» አለኝ።

ከባዕድ እሻላለሁ። ምስጋና መሆኑ ነው።

በእኛ አገር የአባት ቤት የመጨረሻው ወንድ ልጅ ነው። ትልልቆቹ ትዳር ይዘው ይወጣሉ፣ ትንሹ ቀርቶ ወላጆቹን ይጦራል፣ ቤቱም የሱ ይሆናል። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ የሚናገረው ግን አላገኘሁም። እኔም ለዛፋር አልነገርኩትም። እሺ አልኩት። እሺ ያልኩት ለሥራው ብዬ አይደለም፤ ምስማሩን ለማየት ነው።

የምስማሩን ነገር ልንገራችሁ። ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ እናቱ ዳቦ ታቀርብለታለች፣ አንድ ጊዜ ነክሶ ይሄዳል። የተነከሰው ዳቦ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ልጁ ተመልሶ እስኪጨርሰው ድረስ ማንም አይነካውም። የሳማርካንድ ዳቦ ወፍራም ነው፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፣ ስንት ዓመት ይቆያል። እኔ በሃያ ስድስት ዓመቴ ወደ ሩሲያ ለግንብ ሥራ ስሄድ እናቴ ትልቁን ክፍል አቋርጣ ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ነከስኩ። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ አንዱን ኤርጋሽ በልጅነታችን በክርኑ ሰብሮብኛል። ስለዚህ በኔ ንክሻ መሃል እንደ ትንሽ ጣት የቆመ ነገር ይቀራል። እናቴ ያንን አይታ ሳቀች። «ይኼን ማንም ሰርቆ የኔ ነው ሊል አይችልም» አለችና ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

አሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ። በሰባተኛው ዓመት እናቴ ሞተች። ያን ጊዜ ፓስፖርቴ አሠሪዬ ካዝና ውስጥ ነበር፤ አልሰጥም አለኝ። ኤርጋሽ ግን ለሰፈሩ ሽማግሌዎች «ቅበሯት ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ» ብሎ አወራ። ስመለስ በሩን የከፈተልኝ እሱ ነበር። ወደ ውስጥ ዞሮ «እንግዳ መጥቶልናል» አለ። እንግዳ። ምሳ ሲቀርብ በሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ ከሁሉ ያነሰ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ምስማሩ አለ፣ ዳቦው የለም።

አልጠየቅኩም። እነሱም አልነገሩኝም። ለራሴ ግን ቆረጥኩ፦ እናቴ በሞተች ሳምንት አውርደው ለበግ ሰጥተውታል። የሰውን ዳቦ ሳይመጣ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቃል። ሞቷል ማለት ነው። በቁሜ ቀብረውኛል ብዬ ይህን ዘጠኝ ዓመት ይዤው ዞርኩ። ኤርጋሽ የዛሬ ሁለት ዓመት ሲሞት ቃሬዛውን ተሸክሜያለሁ፤ ቤቱ ግን አልገባሁም።

እንግዲህ ሽቦ ልዘረጋ ገባሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ። የድሮ ግንብ ነው፤ ጭቃው ሲሰረሰር እንደ ዱቄት ይፈሳል። የወንድሜ ሚስት እትዬ ሶጂዳ ከኋላዬ እየተከተለች ትጠርጋለች። አርጅታለች። ግራ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ዞር ስትል መላ ሰውነቷን ነው የምታዞረው። ሻይ ታመጣልኛለች፣ ቆሜ እጠጣለሁ። ተቀመጥ ትለኛለች፣ ሥራ አለብኝ እላለሁ። ሁለት ጊዜ ስሜን አቆላምጣ «ሆልማትጆን፣ አንድ ነገር ልነግርህ…» ብላ ጀመረች። ሁለቱንም ጊዜ መሰርሰሪያውን አስነሳሁ። ምን ልትለኝ ነው? ወንድምህ ይወድህ ነበር ልትለኝ ነው። ይህን መስማት አልፈለግኩም።

ዛፋር የሚያወራ ዕቃ አምጥቶ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። ክብ ነው፣ ሎሚ ያህላል፣ ሩሲያኛ ብቻ ነው የሚሰማው። ስሙን ጠርተህ መብራቱን አጥፋ ካልከው ያጠፋል። አዳማጩ እንበለው። እትዬ ሶጂዳ በመጀመሪያው ቀን ፊቱ ቆማ በኛ ቋንቋ፣ «ልጄ፣ ካልደከመህ መብራቱን አጥፋልኝ» አለችው። ዝም አላት። ዛፋር ሳቀና በሩሲያኛ ማዘዝ እንጂ መለመን እንደማያስፈልግ አስረዳት። እሷም ቤቴ ያለን ነገር በስድብ አፍ አላናግርም ብላ በእጇ አጠፋችው። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ሰላም ብላው ስታልፍ ሰማኋት።

በአምስተኛው ቀን ፎቶው ሆነ። ከታሽከንት ኒጎራ የምትባል ቤት አሳማሪ መጣች። ቀጭን ናት፣ ጥቁር ለብሳለች፣ ክንዷ ላይ እንደ አምባር የማጣበቂያ ፕላስተር ጥቅል አጥልቃለች። ገና ስትገባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትልቁን ክፍል ዞራ አየችና «ይኼ ሁሉ ይውጣ» አለች። ቴሌቪዥኑ ወጣ። የኤርጋሽ ፎቶ ወጣ። የእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ቀረ፤ ያምራል አሉት። እትዬ ሶጂዳ ለሙሽርነቷ ያመጣችው ሣጥን፣ ከላዩ እስከ ጣሪያ የተደረደሩት የጥጥ ፍራሾች፣ ሁሉ ወደ ጓዳ ተገፋ። ከፍራሾቹ ሰማያዊና ነጭ የሆኑት አራቱ ብቻ ተመለሱ። ቀዩ ዓይን ይወጋል ተባለ።

እትዬ ሶጂዳንም ወደ ጎረቤት ላኳት። ፎቶው ውስጥ ሰው አያስፈልግም።

ቴሌቪዥኑ ሲነሳ ምስማሩ ከኋላው ወጣ። ሌላው ሁሉ ተለስኖ፣ ተቀብቶ፣ እሱ አልተነቀለም። ጭንቅላቱ ላይ ቀለም አለ። በጣቴ ነካሁት። ኒጎራ እንዳይነቀል አዘዘች፤ በኋላ የሆነ ነገር እሰቅልበታለሁ አለች።

ከዚያ ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ሰሃን አስቀምጣ ዳቦ መደርደር ጀመረች። አምስት ስድስት ዳቦ ይሆናል። አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቧል፣ የአንዱን ዳር ሌላው ይሸፍነዋል። በክንድ ርቀት ወደ ኋላ እያለች እያየች፣ ጫፉን በጥፍሯ እያስጠጋች ሠራችው። ሲያልቅ የቫርኒሽ ስፕሬይ ሰጠችኝ።

«ጋሽ ሆልማት፣ ይርጩልኝ። ላዩንም ሥሩንም። ካልተረጨ በመብራት አመድ ይመስላል።»

ዳቦ ላይ ቫርኒሽ። በእኛ ዘንድ ፍርፋሪ መሬት ላይ ካየን አንስተን ግንባራችን አስነክተን ከፍ ያለ ቦታ ነው የምናኖረው። ይህን ነገርኳት። አውቃለሁ፣ የኔም እናት እንደዚያው ናት፣ ግን ሥራ ነው አለችኝ። ላዩን እረጫለሁ፣ ሥሩን አልረጭም አልኩ። ሥሩን ለመርጨት ዳቦውን በፊቱ መድፋት ያስፈልጋል። ዳቦ በፊቱ አይደፋም። ዛፋር ከካሜራው ኋላ ሆኖ «አጎቴ የድሮ ሰው ናቸው፣ ተዪያቸው፣ ሥሩ አይታይም» አለ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እምቢ ብዬ ስፕሬዩን ጥዬ መውጣት እችል ነበር። አልወጣሁም። ምስማሩን አይቻለሁ። ዳቦዬን በግ ያበላ ቤት ነው፣ የዚህ ቤት ዳቦ ቫርኒሽ ቢጠጣ ምን ቸገረኝ አልኩ። አንድ ዙር ይበቃ ነበር። ሦስት ዙር ረጨሁ። እየደረቀ፣ እየደገምኩ። አንዱ ከሌሎቹ ጠቆር ያለ ነበር፣ ቫርኒሹን እንደ እንጨት ጠጣው፤ እሱን አራተኛ ደገምኩት። ኒጎራ እጇን አጨበጨበች።

ዛፋር ማንሳት ጀመረ። እኔን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጦ ቤቱን የሚቆጣጠረውን አፕ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። የገጠምኩት ሁሉ እየሠራ መሆኑን እንድከታተልለት ነው፦ የመብራቱን፣ የማሞቂያውን፣ የሦስቱን ካሜራ። አንዱ በረንዳው ላይ፣ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ለጊዜው ጓዳ ነው ያለው፤ በኋላ አፓርታማው ውስጥ እናቱ ብትወድቅ እንዲያይ ወደዚያ የሚዛወር ነው። የበሩን ከፈትኩ፣ ይሠራል። የበረንዳውን ከፈትኩ፣ የወይኑ ሐረግ ይታያል። የጓዳውን ከፈትኩ።

እትዬ ሶጂዳ እዚያ ናት። በጓሮ በር ተመልሳ ገብታለች። ያ ጉልበቷ እንደማይታጠፍ እያወቅኩ መሬት ላይ ተንበርክካ አየኋት። ሣጥኑ ተከፍቷል። ፍራሾቹን አንድ በአንድ እየገለጠች በመሃላቸው እጇን ትሰዳለች። አንድ ነጭ ጨርቅ አውጥታ አራገፈችው፣ ምንም የለበትም። ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ያን ዕለት አዳማጩንም ወደ ጓዳ ወስደውት ነበር፣ ዕቃው መሃል ተቀምጧል። ወደሱ ዞረች።

«ልጄ፣ እዚህ ነበርክ። ሣጥኔን ማን ከፈተው?»

አዳማጩ በሩሲያኛ ጥያቄው እንዳልገባው ነገራት።

«የሆልማት ዳቦ ነው እኮ» አለችው። «የሰው አደራ ነው። ማን ወሰደው?»

ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ድምፁን ጨመርኩ። እሷ ደግማ ፍራሹን መግለጥ ጀመረች።

ተነስቼ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ዛፋር ወደ ፎቶው ገቡብኝ ብሎ ጮኸ። ጠቆር ያለውን ዳቦ ከመሃል ሳብኩት። ቫርኒሹ ከጎረቤቱ ጋር አጣብቆት ስለነበር ሲላቀቅ ድምፅ አወጣ። በሌላው ዳቦ ተሸፍኖ የነበረው ዳሩ ንክሻ ነው። ንክሻው መሃል ላይ እንደ ትንሽ ጣት የቆመ ነገር አለ። አላወቅኩትም ማለት አልችልም። ማንም የኔ ነው ሊል አይችልም ብላለች እናቴ።

ኒጎራ ቀድማ አወቀች፣ ከፊቴ ይመስለኛል። ፍራሾቹን ስትመርጥ ሣጥኑ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አግኝታው፣ ቀለሙ ደስ ብሏት፣ ዳሩን አይጥ የነካው መስሏት ሸፍናው ነበር። ይህን እያለቀሰች ነው የተናገረችው። እሷን አልተቆጣሁም። የረጨሁት እኔ ነኝ። አንሥቼ ገልብጬው ቢሆን አየው ነበር። ዳቦ በፊቱ አይደፋም ብዬ አልገለበጥኩም።

እትዬ ሶጂዳ ድምፅ ሰምታ ከጓዳ መጣች፣ በሩን ተደግፋ ቆመች። እጄ ላይ ያለውን አየች፣ ሽታውንም አሸተተች። ከዚያ የሆነውን በትንሹ ነገረችን። እናቴ ስትሞት ኤርጋሽ አውርጂውና ለበግ ስጪው አላት። ሰጠሁ ብላው ከፍራሾቿ መሃል ደበቀችው። በየዓመቱ ብርዱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ጨርቁን ትቀይርለት ነበር። እኔ ስመለስ፣ ባወጣው ባሌ ይዋረዳል ብላ ፈራች። ባሏ ሲሞት ደግሞ እኔ ቤቱን አልረገጥኩም። ዕቃው ሲነሳ፣ እናትህ የሰቀለችው ነው ብላ በሻይ ነክራ ልታበላኝ አስባ ነበር።

«አንድ ቀን ዳቦዬስ ትላለህ ብዬ ነበር» አለችኝ። «ዘጠኝ ዓመት። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከኝም።»

«እርስዎስ አልነገሩኝም» አልኳት።

«ልነግርህ ስል ያንን ግድግዳ የሚበሳውን ታስነሳዋለህ።»

ዛፋር በቢላ እንፋቀው አለ። ፋቅነው። ላዩ ላይ ያለው ወለቀ፤ ግን ሃያ ዓመት የደረቀ ዳቦ ነው፣ ቫርኒሹን እስከ ውስጥ ጠጥቶታል። እትዬ ሶጂዳ ከንክሻው በኩል አንዲት ቁራሽ ሰብራ ሻይ ውስጥ ጣለች። ሻዩ ላይ እንደ ናፍጣ የሚያብለጨልጭ ነገር ተንሳፈፈ። እጠጣዋለሁ ብዬ ስኒውን አነሳሁ። ከእጄ ቀምታ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ደፋችው። «ይቅር» አለች። «ዳቦህን ሳትጨርስ፣ ያልተመለስክ ሆነህ ቅር።»

ዛፋር ፀሐይዋ ልትሄድ ነው አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው፣ አፍሮ ነበር። እኔም ዳቦውን የተፋቀውን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ በገዛ እጄ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ኒጎራ እዚያ የሚሰቀል ነገር ስትፈልግ ውላለች። ፎቶው ተነሳ።

አሁን ቤቱ በሰው ስልክ ላይ አለ። መብራቱ ሞቅ ያለ ነው፣ ሰማያዊዎቹ ፍራሾች አሉ፣ ግድግዳው ላይ ዳቦ ተሰቅሏል። ከሁሉ ፎቶ ሰው የሚወደው እሱን እንደሆነ ዛፋር ነግሮኛል። የበሩ ቁጥር በየእንግዳው ይቀየራል፣ እኔ አላውቀውም። የበረንዳውን ካሜራ ግን ከስልኬ ላይ ማጥፋት ረስቶታል። አንዳንዴ ምሳ ሰዓት ላይ እከፍተዋለሁ። የትልቁ ክፍል በር ክፍት ከሆነ ምስማሩ ያለበት ግድግዳ ይታያል። አንድ ቀን አንዲት ነጭ ሴት ዳቦውን በጥፍሯ ኳ ኳ ስታደርገው አየሁ። ባሏን ጠርታ አሳየችው። እንጨት ነው የመሰላቸው።

እትዬ ሶጂዳ የወጣች ዕለት እኔ ነኝ ያደረስኳት። ዛፋር ሥራ ነበረበት። ዕቃው ሁሉ መኪና ላይ ሆኖ፣ ከሠፈሩ ምድጃ ገና የወጣ ዳቦ ይዤ ነበር፤ ለአዲሱ ቤቷ ነው ብዬ። ደጁ ላይ ቆማ ከእጄ ወሰደችው። ጥርሷ ጥቂት ነው፣ አስቸገራት፣ ግን ነከሰች። ከዚያ መለሰችልኝ።

«ስቀልልኝ» አለች። «ተመልሼ እጨርሰዋለሁ።»

የት ልስቀለው? በሩ በቁጥር ተዘግቷል፣ በማግስቱ ፈረንሳዮች ይገባሉ። ይህን አላልኳትም። እሺ አልኳት። የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ምስማር መታሁ። ግድግዳው የባለቤቲቱ ነው፣ ተቆጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ መለስኩላት።

ዘጠነኛ ፎቅ ላይ እትዬ ሶጂዳ ስትገባ መብራቱ በራሱ ይበራል፣ ስትወጣ ይጠፋል። ቁጭ ብላ ካልተንቀሳቀሰችም ይጠፋል፣ ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው እጇን ታወዛውዝለታለች። አዳማጩን ወስዳዋለች። ዛፋር በሩሲያኛ አንድ ነገር አስጠንቷታል፦ «ሆልማት ጋ ደውል»። ይህን ብቻ ያለ ልመና ትናገራለች። በየዓርቡ ከሰዓት ስልኬ ይጮኻል።

«አለ?» ትለኛለች።

«አለ፣ እትዬ።»

«አይጥ?»

«አይደርስበትም፣ ከፍ አድርጌዋለሁ።»

«ደረቀ?»

«ደረቀ።»

«ጥሩ ነው» ትላለች። «ከደረቀ ይቆያል።»